አሥራ አራት ቀን የጠፋ

ሻርጃ፣ ኢንዱስትሪያል አሥር፤ የጎማ መጋዘን በር፣
ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት፤ የኔ ተራ ነው ማደር።
የኤሲው ውኃ በጣሳ ጠብ ይላል፣ ጠብ ይላል፣
ስልኬ ቻርጅ ላይ ተሰክቶ እንደ ትኩስ ዳቦ ይሞቃል።

ኀሙስ ውጊያ አለብን።
ሃምሳ ወንበር ነው ያለን፤ ሃምሳውም ተይዟል፤
ስም ሲጠራ ግን «አቤት» የሚል ሠላሳ አንድ ቀርቷል።

ከድር፣ ከደማም፣ በድምፅ፦
«አለቃ፣ አትሽኮርመም፤ ሕጉን ያወጣኸው አንተ ነህ፣
‹አሥራ አራት ቀን የጠፋ ይውጣ› ብለህ የጻፍህ።
ዕድርም እኮ ያልከፈለን ይሰርዛል፤
ውጊያ ላይ ባዶ ወንበር ማንን ያድናል?»

እውነቱን ነው። ሕጉ የኔ ነው።
ሰባት ሆነን ሳለን፣ በሣቅ በጨዋታ የጻፍነው፤
ሰባተኛ ፎቅ፣ አንድ ክፍል፣ አልጋ በፈረቃ ስንተኛ፣
ክላኑንም በዚያው ጠራነው፦ «ሰባተኛ»።

ዝርዝሩን ከፈትሁ። በየስሙ ትይዩ የቀን ቁጥር፣
ከቁጥሩ ቀጥሎ ቀይ ቁልፍ፦ «አሰናብት»። በቃ፤ የለውም ምክር።

«ጎራዴው»፤ አሥራ ዘጠኝ ቀን።
ሸምሱ ነው፤ ሠፈሩ አጅማን፤
ሌላ ክላን ገብቷል፤ ትናንት ማታ እኛኑ ወጋን።
አሰናበትሁት። ጣቴም አልተንቀጠቀጠ፣
እንዲያውም ካፌ ትንሽ ሣቅ አመለጠ።

«ቦንዳው»፤ ሃያ ስድስት። ሚስት አግብቷል፤
«ለትዳርና ለጨዋታ አንድ ቻርጀር አይበቃም» ብሎኛል።
አሰናበትሁት፤ መርቄ።

«አንሻ ወሎ»፤ አሥራ ሰባት። ይህችን አልነካትም።
ማዳሟ ስልኳን ቆልፋ ዓርብ ዓርብ ነው የምትሰጣት፣
ረመዳን ነው፤ እንግዳ በዝቶ ሁለቱ ዓርብ አመለጣት።
ትቆይ። ከድር ካኮረፈ ያኩርፍ።

ከዚያ፣ ከሁሉም ግርጌ፣
«ፍም»። ሁለት መቶ አራት ቀን።
ኩዌት ነበረች፣ ጃህራ። መልኳን አላውቀውም፤ ሳሏን አውቃለሁ፣
የሰው ልጅ አስተኝታ፣ ከብርድ ልብስ ሥር፣
«ከኋላህ ነኝ» ስትል፣ በሹክሹክታ፣ እሰማለሁ።
ሐኪማችን ነበረች፤ እኔ ከፊት ስማገድ፣
ቀዩ መስመሬ ሊያልቅ ሲል ትመልሰው ነበር በግድ።
ጧት ታዲያ በጽሑፍ፦ «ሦስት ጊዜ ሞተሃል፤ ዕዳ አለብህ።»

ጠፋች።
አገር ቤት «ጠፋሽ!» ማለት ሰላምታ ነው፤ ጉንጭ እየሳሙ የሚሉት፤
እዚህ «ጠፋች» ማለት ከማዳሟ ቤት ወጥታለች፣ ፖሊስ ይፈልጋታል ማለት፤
በጨዋታው ቋንቋ ደግሞ ግራጫ ነጥብ።
ፍም ጠፋ ሲባልስ? ተዉኝ፤ አራተኛውን አላስብ።

«ኀሙስ ውጊያ አለ» ብዬ ላክሁላት።
አንድ ምልክት።
ሁለተኛውን ጠበቅሁት።

የጭነት መኪና ጡሩምባ ነፋ። ወጣሁ። ሥራዬ በር ነው፤
ማን ይግባ፣ ማን ይውጣ፣ በወረቀት የማየው።
ወረቀቱን አየሁ፤ ብረቱን አነሣሁ፤ ገባ።
ፓኪስታኒው ሾፌር ሦስት ተምር በመዳፌ አኑሮ
«ለሱሁር» አለኝ።
ስመለስ ስልኬ ጨልሟል። ነካሁት። ያው ስም፣ ያው ቁጥር፤
ከጎኑም «ይፈቀድልኝ» የሚል አንድ ልጅ፣ ደጅ የቆመ እንደ ነገር።

ጫንሁት።
«ፍም ከማኅበሩ ወጥታለች» አለ።
ወጥታለች! በእግሯ እንደ ሄደች፣ ነጠላዋን አንሥታ።

ከሕጉ ግርጌ አንድ መስመር ጨመርሁ፦
«ፍም ከመጣች ምንም አትጠይቋት። የኔን ወንበር ስጧት።»
ከድር አነበበ፤ ዝም አለ። ቆይቶ አንድ አውራ ጣት።

ልጁ ገባ። ድምፁ ገና ያልጎረነነ፣
ራስ አል ኬማ ያደገ፣ አባቱ መካኒክ የሆነ።
ገና ሰላም ሳይለኝ፦ «ጋሼ፣ የማንን ወንበር ነው የያዝሁት?»
የኤሲው ጣሳ ሞልቶ ይፈስ ነበር፤ ተነሥቼ ደፋሁት።
«ማከም ትችላለህ?» አልሁት።
«እሞክራለሁ።»
«እንግዲያስ ከኋላዬ ቁም።»